ስለ ወንዞችና ስለ ተራሮች ስም፤ ለመንገድና ለቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ የአገራችንን አውራ ጎዳናዎች ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትና የቱሪዝምን ጉዳይ ለሚመራው ሚኒስቴር፤

እኔ በሒሳብ ሠራተኝነት ሠላሳ ዓመት ያህል ያገለገልሁ፣ የሁለት ልጆች አባትና የአንዲት አረጋዊት እናት ልጅ የሆንሁ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ባለፈው ኅዳር ወር፣ የቅዱስ ሚካኤል በዓል በዋለ በማግሥቱ፣ ከባለቤቴ፣ ከልጆቼና ከእናቴ ጋር ሆኜ ከአዲስ አበባ በአርሲ በኩል ወደ ባሌ፣ ከባሌም የሳነቲን አምባና የሐረናን ጫካ አቋርጬ እስከ ዶሎ መና ድረስ ያደረግሁት የስምንት ቀን ጉዞ ነው።

የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። ያንን ዳገትና ቁልቁለት፣ ያንን ገደልና ረግረግ በመዶሻም በግሬደርም ደልድለው መኪና እንዲያልፍበት ያደረጉትን ሰዎች ድካም የሚያቃልል ሰው ቢኖር፣ እርሱ ያንን አገር በበቅሎ የተሻገሩትን አባቶች ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነው። ነገር ግን መንገዱ ለተሽከርካሪው ተብሎ ሲሠራ፣ በተሽከርካሪው ውስጥ የተቀመጠው ሰው፣ ይልቁንም ሕፃኑና አረጋዊው፣ ዓይን ያለው ልብም ያለው ፍጡር መሆኑ የተዘነጋ ስለ መሰለኝ፣ ያየሁትን አንድ በአንድ ነግሬ ልመናዬን ላቀርብ ወደድሁ።

እናቴ ዘንድሮ 77 ዓመት ሆኗቸዋል። ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ በመምህርነት ተመድበው ስለ ነበር፣ ከ1961 እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ ጎባ ከተማ ኖረዋል፤ እኔም የተወለድሁት እዚያው ነው፤ ነገር ግን ጡት ሳልጥል ስለ ወጣሁ አንዳች የማስታውሰው ነገር የለኝም። ብዙ ዓመት ሙሉ፣ አውደ ዓመት በመጣ ቁጥር፣ «ዓይኔ ሳይፈዝ ጎባን አንድ ጊዜ አሳየኝ» ሲሉኝ፣ እኔም «እሺ፣ ለከርሞ» ስል ኖሬ፣ ባለፈው ዓመት ዓይናቸው በእርግጥ መፍዘዝ ሲጀምር ደነገጥሁ። ስለዚህ አሮጌዋን ቶዮታችንን አስፈትሼ፣ ትርፍ ጎማና ሻንጣ ፖርቶመጋላው ላይ አስሬ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ሁለት ፔርሙዝ ሻይ፣ ለቅዝቃዜውም ጋቢና አንድ ወፍራም ቡሉኮ ይዘን ገና ጎሕ ሲቀድ ወጣን።

ስለ ፈጣኑ የአዳማ መንገድ የምለው ብዙ የለኝም፤ ሰማንያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህሉን ልጆቹ ከእንቅልፋቸው በቅጡ ሳይነቁ ጨርሰነው፣ አዳማ ስንደርስ አየሩ ሞቆ ሹራባችንን አወለቅን። ነገሬ የሚጀምረው ከአዳማ ወጥተን ወደ አሰላ ስንታጠፍ ነው። መልካሳ አጠገብ አንድ ድልድይ ላይ ስንደርስ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ታናሹ ልጄ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «አባዬ፣ ይህ ወንዝ ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ፍጥነቴን ቀንሼ የድልድዩን ሁለት ራስ ተመለከትሁ፤ ከቁጥር በስተቀር የተጻፈ ነገር አላየሁም። «አላውቅም፣ አንድ ወንዝ ነው» ብዬ ላልፍ ስል፣ ከኋላ የተቀመጡት እናቴ በመገረም፣ «አዋሽ ነው እንጂ! አዋሽን አታውቅም?» አሉኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ኀፍረት ልሸሽገው አልፈልግም። አዋሽን እኔ በትምህርት ቤት በደብተሬ ጽፌው ነበር፤ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚጓዝ፣ ቆቃ ላይ ተገድቦ መብራት እንደሚሰጥ፣ የወንጂን ሸንኮራ አገዳ እንደሚያጠጣ ሸምድጄ ፈተና አልፌበታለሁ። ይሁን እንጂ በወረቀት ያወቅሁትን ወንዝ በዓይኔ ሳየው ሳላውቀው ቀረሁ፤ ልጄም ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ከአባቱ ሳይሆን ከአያቱ አገኘ። አያቱ ባይኖሩ ኖሮ፣ «አንድ ወንዝ» ብሎ ይዞት ይቀር ነበር። የአሥራ አራት ዓመቷ ታላቂቱ ልጄ ወዲያው ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ፣ «እምዬ፣ ከአሁን ጀምሮ የምታውቂውን ሁሉ ንገሪኝ» አለችና በመጀመሪያው መስመር ላይ «አዋሽ» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ወዲያ የአርሲን አገር ምን ብዬ ልንገራችሁ! ወርኃ ኅዳር ነውና ስንዴውና ገብሱ አሽቶ፣ ቢጫው አዝመራ ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ እስከ ጭላሎ ተራራ እግር ድረስ ተዘርግቷል፤ በአንድ ወገን ኮምባይነሩ አቧራውን እያጨሰ ሲያጭድ፣ በሌላው ወገን በሬዎች አውድማ ላይ ሲያበራዩ፣ በመካከላቸውም ሕፃናት ቃርሚያ ሲለቅሙ ይታያል። በግራችን ጭላሎ ጉም ተከናንቦ ቆሟል፤ በቀኛችን ደግሞ ምድሩ ቁልቁል ወርዶ፣ በሩቁ የስምጥ ሸለቆው ቆላ በወበቅ ጭጋግ ውስጥ የዝዋይን ሐይቅ እንደ ብር ሳሕን ይዞ ተኝቷል። ደጋውና ቆላው እንደዚያ በአንድ ዕይታ ተጋጥመው ሲገኙ፣ ሰው መኪናውን አቁሞ ስመ እግዚአብሔርን ሳይጠራ ማለፍ አይቻለውም። እኛ ግን ሳናቆም አለፍን፤ የአስፋልቱ ዳር በቀጥታ ወደ ቦዩ የሚወርድ ስለ ሆነ የምንቆምበት ቦታ አልነበረም።

ሳጉሬ አካባቢ የተሻገርነውን ወንዝ እናቴ ከታር ነው አሉን። ዝዋይን ከመቂ ወንዝ ጋር ሆኖ የሚመግበው እርሱ መሆኑንም ጨመሩ፤ ይህን የነገራቸው ጎባ ሳሉ ጎረቤታቸው የነበረ አንድ የአርሲ ነጋዴ ነው። በቆጂ ስንደርስ ደግሞ እናቴም እኔም የማናውቀውን ነገር ቆሎ የሚሸጥ አንድ ልጅ ነገረን። እርግጥ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የበቆጂ አካባቢ ልጆች መሆናቸውን ሰምቻለሁ፤ ደራርቱም በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት መሆኗን አውቃለሁ። ነገር ግን በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ የወንዶችም የሴቶችም የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ፣ አራቱም፣ ወደዚህች አንዲት ትንሽ ከተማ መግባቱን ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ያ ልጅ በአራት ጣቱ ቆጠረልን። ልጄም የቆሎውን ሒሳብ ከፍሎ ካበቃ በኋላ እንኳ ፈዝዞ ያየው ነበር።

ከአሳሳ ወደ ዶዶላ ስንሄድ ዋቢን ተሻገርን። እዚህ ላይ ጥቂት እንድታገሡኝ እለምናለሁ፤ የደብዳቤዬ ዋና ነገር ያለው ከዚህ ነውና። ጧት የተሻገርነው አዋሽ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወርዶ፣ ባሕር ሳያይ፣ በአፋር በረሃ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ቀትር ላይ የተሻገርነው ከታር ወደ ዝዋይ ይገባል፤ ከዝዋይም በቡልቡላ በኩል አብያታ ደርሶ እዚያው በፀሐይ ትነት ያልቃል። ወደ ማታ የተሻገርነው ዋቢ ሸበሌ ግን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ ኦጋዴንን ሰንጥቆ፣ ሶማሊያ ድረስ ዘልቆ የሕንድን ውቅያኖስ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በረግረግና በአሸዋ ይዋጣል። በማግሥቱ ዲንሾ አጠገብ የምናገኘው ዌይብ ደግሞ የሶፍ ዑመርን ዋሻ በስቶ አልፎ፣ ከገናሌና ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ፣ ጁባ ተብሎ በእርግጥ ውቅያኖስ ይገባል። እንግዲህ አንድ ቤተሰብ በአንድ ቀን ተኩል መንገድ ውስጥ፣ መድረሻቸው የማይገናኝ አራት ውኆችን ተሻገረ ማለት ነው፤ በቆጂን አልፈን በወጣነው ጋራ ላይ የወረደ ዝናብ እኩሌታው ዝዋይ ላለው ዓሣ፣ እኩሌታው ጎዴ ላለው ግመል ይደርሳል ማለት ነው። ይህን የሚያህል ምሥጢረ ፍጥረት ከመኪናችን ጎማ በታች ሲያልፍ፣ በመንገዱ ዳር አንዲት ቃል ተጽፋ አላገኘንም።

በኦሪት ዘፍጥረት እንደተጻፈው፣ አዳም በገነት ሳለ ከተሰጠው ሥራ አንዱ ለአራዊትና ለአዕዋፍ ስም ማውጣት ነበር፤ ስም መጥራት ገዥነትን ብቻ ሳይሆን ዘመድነትንም ያመለክታል፤ ሰው ስሙን ለማያውቀው ነገር አይቆረቆርምና። አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በአራተኛው መቶ ዓመት የዘመቻውን ታሪክ በድንጋይ ሲያስቀርጽ፣ የተሻገረውን የተከዜን ወንዝ በስሙ ጠርቶ አስቀርጾታል፤ ጽሕፈቱም እስከ ዛሬ ይነበባል። ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በፊት የወንዝን ስም በድንጋይ ይጽፍ የነበረ አገር፣ ዛሬ ድልድዩን በቁጥር ብቻ ማወቁ ለእኔ እጅግ አሳዛኝ ነገር ነው።

አሁን ለመናገር የሚከብደኝን ነገር እነግራችኋለሁ። በመንገዳችን ላይ ባለች አንዲት ከተማ እናቴ ወደ ውጭ መውጣት ፈለጉ። ነዳጅ የቀዳንበት ማደያ መጸዳጃ ቤት ነበረው፤ ነገር ግን ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ምሳ ሄዷል ተባልን። ሌላ ቦታ ጠይቀን አጣን። ከከተማው ወጥተን ጥቂት እንደ ሄድን እናቴ ሊታገሡ አልቻሉም፤ መኪናውን ዳር አስጠግቼ፣ ባለቤቴ ነጠላዋን ዘርግታ ከለለቻቸው። መኪናዎች ያልፋሉ፤ እኔ ፊቴን ወደ እርሻው አዙሬ ቆሜአለሁ። ወደ መኪናው ሲመለሱ እናቴ አንድ ነገር አልተናገሩም፤ እስከ ማታ ድረስ ግን ውኃ አልጠጡም፤ ሻይም ስንቀዳላቸው «አልጠማኝም» አሉ። በማግሥቱም በሦስተኛውም ቀን መንገድ ላይ ውኃ የሚባል ነገር በአፋቸው አላደረሱም። የ77 ዓመት ሴት ሳነቲን የሚያህል ከፍታ ልትወጣ ሳለች ከውኃ የከለከላት ሌላ ምንም አይደለም፤ ያ የተቆለፈ በር ነው። ክቡራን ሆይ፣ ስለ ቱሪዝም ስትመክሩ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን እንግዳ ብቻ ሳይሆን እናቴንም አስቡልኝ።

ዲንሾ ሳንደርስ ጋይሳይ ከሚባለው ሣራማ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘኖች ከመንገዱ ዳር ሲግጡ አየን፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኙት እነዚህ እንስሳት፣ ቀንዳቸው ተጠምዝዞ፣ ግራጫ ካባቸውን ለብሰው፣ ከገበሬው ከብት እምብዛም ሳይርቁ ቆመዋል። ጎባ ገብተን ሁለት ቀን አደርን። ስለ ጎባ የእናቴን ደስታ ልጽፍ አልችልም፤ የነበሩበት ቤት ፈርሶ ሌላ ተሠርቶበታል፤ የቶጎና ወንዝ ግን ባለበት ነበር፤ ወርደው እጃቸውንና ፊታቸውን ታጠቡበት፤ «ልጄ፣ አንተን ያጠብሁት በዚህ ውኃ ነው» አሉኝ። ታላቂቱ ልጄም ቶጎናን በደብተሯ ላይ ከሻያ ወንዝ ቀጥላ ጻፈችው።

በሦስተኛው ቀን ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ሳነቲ ወጣን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም.፣ እናቴ ጎባ ሳሉ ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። መንገዱ መጀመሪያ በጽድና በኮሶ ዛፍ ውስጥ ይሄዳል፤ ቀጥሎ አስታው ይመጣል፤ ከዚያም ዛፍ የሚባል ነገር ሁሉ ይቀርና፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ሰማዩ እጅ ሲዘረጉ የሚነካ የሚመስልበት ራቁት አምባ ይዘረጋል። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፤ ኩሬዎቹ ዳር ዳራቸው ረግቷል፤ ጅብራው ብቻ፣ አንዱ ከአንዱ ተራርቆ፣ በጸሎት እንደ ቆሙ ባሕታውያን በየቦታው ተተክሏል። ሊቃውንት እንደሚሉት ይህ አምባ በጥንቱ የብርድ ዘመን በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር፤ ፊንጫ ሀበራ በሚባለው ዋሻ የተገኘው ቅሪትም ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች በዚህ ተራራ ላይ እሳት አንድደው፣ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ እንደ ነበር ያስረዳል። የምድርን ታሪክ ያህል ነገር ከሣሩ ሥር ተኝቶ ሳለ፣ መንገደኛው የሚያየው ድንጋይና ጭጋግ ነው፤ የሚነግረው የለምና።

እዚያ ላይ ቀይ ቀበሮ አየን። ከመንገዱ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ አንገቱ ሥር ነጭ፣ ጅራቱ ጫፍ ጥቁር፣ የቀረው ገላው እንደ ፍም የቀላ፣ አፈር የተከመረበት የፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ነበር። አይንቀሳቀስም፤ ጆሮዎቹ ብቻ ወዲያና ወዲህ ይዞራሉ። ልጄ ትንፋሹን ውጦ እጄን ያዘ። ቀበሮው አንድ እግሩን አነሣ፤ አስቀመጠ፤ እንደገና አነሣ። በዓለም ላይ የቀሩት ከአምስት መቶ አይበልጡም ተብሎ የሚገመቱት፣ ከእነርሱም የሚበዙት በዚህ ተራራ የሚኖሩት፣ ውሻ በሚያመጣባቸው የእብደት በሽታ በተደጋጋሚ ካለቁት ከእነዚያ እንስሳት አንዱ በፊታችን ቁርሱን ሊያድን ነው። ወዲያው ከኋላችን የአንድ አይሱዙ ጡሩምባ አምባውን አናጋው። ቀበሮው አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮ አየን፤ ከዚያም ሳይሮጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ከድንጋዮቹ ኋላ ተሰወረ። ጥፋቱ የሾፌሩ አልነበረም፤ ጭነቱን ይዞ ገበያ ሊደርስ የቸኮለ ሰው ነው፤ መንገዱን ዘግቼ የቆምሁት እኔ ነበርሁ። ነገር ግን ከመንገዱ ወጥቼ የምቆምበት አራት ክንድ ጠጠር ቢኖር ኖሮ፣ እርሱም አይቆምም፣ ልጄም የቀበሮውን ዝላይ ያይ ነበር።

ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር የሚሆነው የባሌ ራስ፣ በቀኝ በኩል ይታያል። ልጆቼ የስሙን ትርጕም ቢጠይቁኝ አላወቅሁም፤ በዚያው ያገኘነው አንድ የፓርክ ጠባቂ በኦሮምኛ «ቀዩ ኮረብታ» ማለት ነው ብሎ ነገረን፤ ቀና ብለን ስናይም በእርግጥ አፈሩ ቀይ ነበር። ስሙን እስክንሰማ ድረስ ግን ማናችንም ቅላቱን አላስተዋልንም።

ከሳነቲ ጫፍ ወደ ሐረና የሚወርደውን ጠመዝማዛ እንዴት አድርጌ ላስረዳችሁ? ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ ተነሥተን፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ዛፎቹ ሽበት አብቅለው አረንጓዴ ሸማ የለበሱበት፣ ፀሐይ በቅጠል ተወንፍታ የምትወርድበት ጥቅጥቅ ጫካ ገባን፤ ቀፎ ከየዛፉ ላይ ተሰቅሏል፤ ቡና ተካይ ሳይተክለው፣ ዘሪ ሳይዘራው፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ ቀልቶ ቆሟል። ከዚያም ጫካው ሳሳ፤ ምድሩ ደረቀ፤ ግራሩ ታየ፤ ከጎባ ከወጣን መቶ ኪሎ ሜትር ብዙም ሳይርቅ ዶሎ መና ስንደርስ ግመል ተቀበለን። ታናሹ ልጄ፣ «ሌላ አገር ገባን እንዴ?» አለ። ጧት በቡሉኮ ተጠቅልለው ጥርሳቸው ይንገጫገጭ የነበረው እናቴ፣ ከቀትር በኋላ በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ያራግቡ ነበር።

በመልሱ በኮፈሌና በሻሸመኔ አድርገን፣ በላንጋኖ አልፈን መጣን፤ ስለዚያ መንገድ ብዙዎች ጽፈዋልና አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዝዋይ ዳር ለምሳ ተቀምጠን ዓሣ ሲቀርብልን፣ ታላቂቱ ልጄ ደብተሯን ገልጣ ለወንድሟ፣ «ይህ ውኃ እኮ ያ እምዬ ከታር ያለችን ነው» አለችው። ወንድሟም ማንኪያውን አስቀምጦ ሐይቁን እንደ አዲስ ተመለከተ። በስምንት ቀን ውስጥ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ይልቅ ትርፍ ያገኘሁበት ሰዓት ያ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። አውራ ጎዳናው በሚሻገራቸው ወንዞች ሁሉ ላይ የወንዙ ስም፣ ከየት እንደሚመነጭና ወዴት እንደሚሄድ በአጭሩ ይጻፍልን፤ ውኃ በሚለያይባቸው ጋራዎች ላይ መለያየቱ ይነገረን፤ ተራሮችም ከነከፍታቸው ይጠቀሱ። ስሙ ከባለ አገሩ ሽማግሌዎችና እናቶች ተጠይቆ፣ እነርሱ በሚጠሩበት ቋንቋ፣ ከነትርጕሙ ይጻፍ እንጂ፣ በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ አዲስ ስም አይፈጠር፤ አንድ ወንዝ ሁለት ስም ካለውም ሁለቱም ይጻፉ። ሰሌዳው ላይ የማንም ድርጅት ማስታወቂያ እንዳይለጠፍበት እማጸናለሁ።

ሁለተኛም ዕይታው ያማረበት ጥቂት ቦታ ላይ፣ መኪና ከመንገድ ወጥቶ የሚቆምበት ጠጠር ይደልደል፤ በየመካከሉም ንጹሕና ክፍት የሆነ መጸዳጃ ቤት ይኑር፤ ቁልፉን ይዞ ምሳ የሚሄድ ሰው አይሾምበት። ሳነቲ ላይ ግን ከዚያች ጠጠር በቀር ምንም እንዳይሠራ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ሱቅም ሆቴልም አይቁም፤ በአምባው ላይ ነፋስ ሲያንከባልለው ያየሁት የሃይላንድ ፕላስቲክ አሁን እንኳ በዝቷል።

ገና ብዙ ወረዳ መንገድ ሳያገኝ፣ እናቶች በቃሬዛ ሐኪም ቤት እየተወሰዱ ሳለ፣ ስለ ሰሌዳ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ቢኖር፣ ክርክሩን አከብራለሁ፤ የጤና ጣቢያ መንገድ ይቅደም። ይሁን እንጂ የአንድ ሰሌዳ ዋጋ ከድልድዩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የሚቆጠር አይደለም፤ ድልድዩ ሲሠራ አብሮ ቢታሰብማ ጭራሽ ወጪ አይባልም። የብረት ሰሌዳ ይሰረቃል የሚል ስጋትም ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው፣ ይሰረቃል። እንግዲያስ በድንጋይ ይቀረጽ፤ የዒዛናን ድንጋይ እስከ ዛሬ የሰረቀው የለም።

ልጄ በጉዞው ላይ ከአያቷ እየሰማች የጻፈቻቸውን ስሞች፣ የወንዝም የተራራም የምንጭም፣ ገልብጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ በጠቅላላው ሃያ ሦስት ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ አምስቱን በእጄ በሚገኝ በማናቸውም ካርታ ላይ ፈልጌ አጥቻቸዋለሁ። እናቴ ግን የት እንዳሉ ያውቃሉ፤ ሊጠይቃቸው የሚመጣ ባለሥልጣን ካለ ቡና አፍልተው ይቀበሉታል፤ ነገር ግን ቶሎ ይምጣ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ አባወራ